ስሪዲ ቼዝ በየትኛውም ኮምፒውተር፦ ከዊንዶውስ 7 እስከ ሊኑክስና ማክ

ጎንደር ውስጥ በየቤቱ፣ በየትምህርት ቤቱና በየጌም ቤቱ ያለው ኮምፒውተር አንድ ዓይነት አይደለም። አንዱ ጋ ዊንዶውስ 7 የተጫነበት የቆየ ዴስክቶፕ አለ፤ ሌላው ጋ ያገለገለ ላፕቶፕ ከዊንዶውስ 10 ጋር፤ ዩኒቨርሲቲ የገቡ ልጆች ሊኑክስ ይጭናሉ፤ ጥቂቱ ሰው ደግሞ ማክ ይዟል። ስሪዲ ቼዝ በእነዚህ ሁሉ ላይ ይሠራል። ኮምፒውተሩ የሚስለው አንድ ሰሌዳና 32 ጠጠር ብቻ ስለሆነ ጨዋታው እንደ ኳስና እንደ ጦርነት ጌሞች ከባድ አይደለም፤ 2 ጊጋ ራም ያለው ማሽን ይበቃዋል። «የኔ ኮምፒውተር አይችለውም» ተብሎ የሚተወው ብዙ ጊዜ ከሁለት ነገር በአንዱ ነው፦ ወይ የግራፊክስ ድራይቨሩ (የሥዕል ቺፑን የሚያሠራው ፕሮግራም) አልተጫነም፣ ወይ ሰሌዳው በማይመች ማዕዘን ተቀምጦ ዓይን ያደክማል። ሁለቱም ያለ ምንም ወጪ የሚስተካከሉ ናቸው።

ስሪዲ ቼዝ ስንል ተራውን የ64 ቤት ቼዝ፣ ጠጠሮቹ ቁመትና ጥላ ኖሯቸው ሰሌዳውም ወደ ፈለጉት አቅጣጫ እየዞረ የሚጫወቱትን ማለታችን ነው። ጀርመናዊው ፈርዲናንድ ማክ እ.ኤ.አ. በ1907 ያወጣው፣ አምስት ሰሌዳ ተደራርቦበት 125 ቤት ያለው ጨዋታ ሌላ ነው፤ ስማቸው ስለሚመሳሰል ፋይል ስትፈልጉ እንዳትሳሳቱ።

መጀመሪያ ግራፊክሱን መርምሩ

ዊንዶውስ ከሆነ ጨዋታውን ከማውረዳችሁ በፊት ይህን አድርጉ። «ማይ ኮምፒውተር» ወይም «ዚስ ፒሲ» ላይ ቀኝ ክሊክ፣ ከዚያ «ማኔጅ»፣ ከዚያ «ዲቫይስ ማኔጀር»። «ዲስፕሌይ አዳፕተርስ» የሚለውን ዘርጉ። ኢንቴል፣ ኤኤምዲ ወይም ኤንቪዲያ የሚል ስም ካያችሁ ድራይቨሩ አለ፤ ወደሚቀጥለው እለፉ። በዊንዶውስ 7 ላይ «ስታንዳርድ ቪጂኤ ግራፊክስ አዳፕተር»፣ በዊንዶውስ 10 እና 11 ላይ «ማይክሮሶፍት ቤዚክ ዲስፕሌይ አዳፕተር» የሚል ከሆነ ግን ድራይቨሩ የለም።

ይህ በተለይ ኮምፒውተሩ ጥገና ቤት ገብቶ ፎርማት ከተደረገ በኋላ ያጋጥማል። ዊንዶውሱ ይጫናል፣ ኦፊስ ይጫናል፣ ቪዲዮ ይከፍታል፤ ስለዚህ ማንም አያስተውልም። ስሪዲ ሲመጣ ነው ጉዱ የሚወጣው። ድራይቨር የሌለው ዊንዶውስ ኦፕንጂኤል የተባለውን የሥዕል ሥርዓት የሚያቀርበው በ1.1 እትሙ ብቻ ነው፤ ሥዕሉንም የሚሠራው በግራፊክስ ቺፑ ሳይሆን በፕሮሰሰሩ ነው። ውጤቱ ከሦስቱ አንዱ ይሆናል፦ ፕሮግራሙ ስሕተት ጽፎ ይዘጋል፣ መስኮቱ ጥቁር ሆኖ ይቀራል፣ ወይም ሰሌዳውን በትንሹ ለማዞር እንኳ ብዙ ያስጠብቃል።

መድኃኒቱ ይኸውላችሁ። ላፕቶፑን ገልብጡትና ከሥሩ ካለው ስቲከር ሙሉ የሞዴል ስሙን ጻፉ፤ የኩባንያውን ስም ብቻ መያዝ አይበቃም። «ሲስተም» የሚለውን ገጽ ከፍታችሁ ዊንዶውሱ 32 ቢት ይሁን 64 ቢት አረጋግጡ። ከዚያ ከላፕቶፑ አምራች ድረ ገጽ፣ በዚያው ሞዴል ስም፣ ለዚያው ዊንዶውስና ለዚያው ቢት የተሠራውን የዲስፕሌይ ድራይቨር አውርዱ። የ32 ቢት ድራይቨር በ64 ቢት ዊንዶውስ ላይ አይገባም፤ «አልሠራም» ከሚባሉት ሙከራዎች ብዙዎቹ እዚህ ላይ የሚከሽፉ ናቸው። ከጫናችሁ በኋላ ሪስታርት አድርጉና ዲቫይስ ማኔጀሩን እንደገና እዩ። ሁሉንም ድራይቨር በአንድ ጊዜ እንጭናለን የሚሉትን ጥቅሎች አንመክርም፤ ያልጠየቃችሁትን ፕሮግራም ይዘው ይገባሉ።

ማረጋገጫ ከፈለጋችሁ የዊንዶውስን ምልክት ቁልፍና «አር»ን አንድ ላይ ተጭናችሁ በሚመጣው ሣጥን ዲ፣ ኤክስ፣ ዲ፣ አይ፣ ኤ፣ ጂ የሚሉትን ስድስት ፊደላት በእንግሊዝኛ ጻፉና ኢንተር በሉ። «ዲስፕሌይ» በሚለው ገጽ ላይ የካርዱ ስምና የስሪዲ ማፋጠኛው መብራት አለመብራቱ ተጽፎ ታገኛላችሁ።

ሊኑክስ ላይ ነገሩ ይቀላል። የኢንቴልና የኤኤምዲ ድራይቨር ከሥርዓቱ ጋር አብሮ ይመጣል። «ሴቲንግስ» ውስጥ «አባውት» ገብታችሁ ከ«ግራፊክስ» አጠገብ የተጻፈውን አንብቡ፤ «ኤልኤልቪኤምፓይፕ» የሚል ካገኛችሁ ሥዕሉ በፕሮሰሰር እየተሠራ ነው ማለት ነውና ያዘግማል። የኤንቪዲያ ካርድ ካላችሁ የሊኑክሱን «ድራይቨር ማኔጀር» ከፍታችሁ የሚመክረውን ምረጡ።

ፋይሉን አንዴ አውርዳችሁ ለሁሉም

ዳታ ገንዘብ ነው። አንድ ሰው ደህና ኔትወርክ ባለበት፣ ዋይፋይ ካለው ካፌም ይሁን ከቢሮ፣ አንዴ አውርዶ በፍላሽ ቢያዳርስ ይሻላል። ፍላሽ ግን በየፎቶ ኮፒ ቤቱ ሲዞር ሾርትከት ቫይረስ ይይዛል፦ ፎልደሮቻችሁ ሁሉ ቀስት ያለባቸው አዶዎች ሆነው ይታያሉ፤ እውነተኛው ፋይል ተደብቋል። እንዲህ ያለ ፍላሽ ላይ ያለውን ነገር በድርብ ክሊክ አትክፈቱ። ንጹሕ ኮምፒውተር ላይ ፎርማት አድርጉት፣ የጨዋታውን ፋይል ዚፕ አድርጋችሁ ብቻውን ጫኑበት፣ ከመክፈታችሁ በፊት በአንቲቫይረስ ፈትሹት።

ዊንዶውስ 7 ላይ

እዚህ ምንም ማውረድ አያስፈልግ ይሆናል። «ቼስ ታይታንስ» የተባለው ስሪዲ ቼዝ ከቪስታና ከዊንዶውስ 7 ጋር አብሮ የመጣ ነው። «ስታርት» ውስጥ «ጌምስ» ፎልደር ተመልከቱ። ከሌለ አትደናገጡ፦ በፕሮፌሽናል እትም ላይ ጌሞቹ ተዘግተው ነው የሚመጡት። «ኮንትሮል ፓነል»፣ «ፕሮግራምስ»፣ «ተርን ዊንዶውስ ፊቸርስ ኦን ኦር ኦፍ» ክፈቱ፤ ዝርዝሩ እስኪመጣ ትንሽ ይቆያል። «ጌምስ»ን ዘርግታችሁ «ቼስ ታይታንስ» ላይ ምልክት አድርጉና እሺ በሉ። ሲዲ አይጠይቅም።

ከኮምፒውተሩ ጋር አዲስ ጨዋታ ለመጀመር ኤፍ2፣ ከሰው ጋር ለመጫወት ኤፍ3፣ ለአማራጮች ኤፍ5፣ እርምጃ ለመመለስ ኮንትሮልና ዜድ። ሰሌዳው የሚዞረው በቀኝ የማውዝ ቁልፍ ይዞ በመጎተት ነው። የጨዋታው ክብደት 10 ደረጃ አለው። ሲከፈት የማፋጠኛ ሥራ ተዘግቷል ወይም ካርዱ አይደግፈውም የሚል ማስጠንቀቂያ ካመጣ ወደ ላይኛው የድራይቨር ክፍል ተመለሱ፤ ማስጠንቀቂያውን ዝም ብሎ ማለፍ ይቻላል፣ ጨዋታው ግን ይጎተታል።

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 7 የሚያደርገውን የደኅንነት ድጋፍ ጥር 2020 እ.ኤ.አ. ላይ አቁሟል። ስለዚህ ይህን ማሽን ለቼዝ ስትጠቀሙበት ከኢንተርኔት ማላቀቁ ጥሩ ነው፤ ለጨዋታው ኢንተርኔት አያስፈልገውም።

ዊንዶውስ 10 እና 11 ላይ

ቼስ ታይታንስ ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ አብሮ መምጣቱ ቀርቷል። «ለዊንዶውስ 10 የተዘጋጀ» ተብሎ በየቦታው የሚገኘውን ጥቅል ማይክሮሶፍት አላወጣውም፤ ማን ምን እንደጨመረበት አይታወቅምና ተዉት። በምትኩ «ድሪምቼስ» የተባለውን ጫኑ። ነጻ ነው፣ ኮዱ ለሁሉም ክፍት ነው፣ በዊንዶውስም በሊኑክስም ይሠራል፤ በዚህ ምክንያት በአንድ ክፍል ውስጥ የተለያየ ማሽን ላላቸው ልጆች የምንመርጠው እሱን ነው። ከራሱ ፕሮጀክት ገጽ የዊንዶውሱን ማጫኛ አውርዱ፣ በድርብ ክሊክ ክፈቱ፣ የሚጠይቀውን ሳትቀይሩ ቀጥሉ። ዊንዶውስ «አላውቀውም» ብሎ ሰማያዊ መስኮት ቢያመጣ፣ ፋይሉን ያወረዳችሁት ከፕሮጀክቱ ገጽ መሆኑን እርግጠኛ ከሆናችሁ ብቻ «ሞር ኢንፎ» ብላችሁ አስቀጥሉ።

ከተከፈተ በኋላ ነጭና ጥቁርን ማን እንደሚጫወት፣ ደረጃውንና የጠጠሩን ዓይነት መርጣችሁ ጀምሩ። ማውዝ ከተበላሸ በቀስት ቁልፎች ወደ ቤቱ ሄዶ በኢንተር ማንሣትና ማስቀመጥ ይቻላል። ኤስኬፕ ሜኑውን ያመጣል።

ተጋጣሚው ኮምፒውተር እርምጃ ሳይመልስ ብዙ ከቆየ የሚያስበው ነገር ኖሮት ላይሆን ይችላል። የቼዝ ፕሮግራም ሁለት ክፍል አለው፦ ሰሌዳውን የሚያሳየውና የሚያስበው፤ የሚያስበውን «ሞተር» ይሉታል። በብዙዎቹ ላይ ሞተሩ የተለየ ፋይል ነው፤ አንቲቫይረስ ያንን ብቻ አንሥቶ ሲያስረው ሰሌዳው ቆንጆ ሆኖ ይታያል፣ ተጋጣሚ ግን የለም። የአንቲቫይረሱን የእስር ዝርዝር እዩ፣ ፋይሉን መልሱ ወይም ጨዋታውን እንደገና ጫኑ። የድሪምቼስ የራሱ ሞተር «ድሪመር» ይባላል። ሌላ ሞተር መግጠም የሚፈልግ ሰው ሞተሩ የ«ኤክስቦርድ»ን ቋንቋ የሚናገር መሆኑን ያረጋግጥ፤ ስመ ጥሩው «ስቶክፊሽ» የሚናገረው «ዩሲአይ» የሚባለውን ስለሆነ ያለ አስተርጓሚ ፕሮግራም በቀጥታ አይገጥምም።

ሊኑክስ ላይ

ኡቡንቱ ወይም ሚንት ከሆነ «ሶፍትዌር ማኔጀር» ወይም «አፕ ሴንተር» ውስጥ ድሪምቼስ ብላችሁ በእንግሊዝኛ ፊደል ፈልጉ፣ ጫኑ፤ አለቀ። አዲሱ የኡቡንቱ አፕ ሴንተር መጀመሪያ «ስናፕ» የሚባሉትን ብቻ ስለሚያሳይ ካላገኛችሁት ማጣሪያውን ወደ ደብያን ጥቅሎች ቀይሩ። ኢንተርኔት ወደሌለው ማሽን በፍላሽ የምትወስዱ ከሆነ ጨዋታው ሁለት ጥቅል መሆኑን አትርሱ፦ አንዱ ፕሮግራሙ፣ ሌላው ሥዕልና ድምፁን የያዘው የዳታ ጥቅል። አንዱን ብቻ ይዞ የሄደ ሰው ቤቱ ሲደርስ አይጫንለትም።

የጂኖም ቼዝ ቀድሞ ስሪዲ ነበረ፤ በኋለኞቹ እትሞቹ ግን ያ ክፍል ተነሥቷል። በድሮ መመሪያ ላይ «ስሪዲ ምረጡ» የሚለውን አንብባችሁ ቁልፉን ብታጡት ጥፋቱ የእናንተ አይደለም።

ማክ ላይ

«አፕሊኬሽንስ» ውስጥ «ቼስ» የሚል ፕሮግራም አብሮ መጥቷል። ሰሌዳውን ለማዞር የሰሌዳውን ጠርዝ በማውዝ ይዛችሁ ጎትቱ፤ መሃሉን ብትይዙ ጠጠር እንጂ ሰሌዳ አይንቀሳቀስም። በሴቲንጉ ውስጥ ከ«ፈጣን» ወደ «ጠንካራ» የሚሄድ መንሸራተቻ አለ፤ ለጀማሪ ወደ ፈጣኑ ጫፍ። ኮማንድና ዜድ እርምጃ ይመልሳል። አዲስ ጨዋታ ስትከፍቱ የጨዋታ ዓይነት ይጠይቃልና «ሬጉላር»ን ምረጡ፤ ሌሎቹ ሕጋቸው የተለየ ነው፣ አንዱማ ጠጠሩን ሁሉ ያስበላ የሚያሸንፍበት ነው።

በብራውዘርና በድሮው ዶስ

ኢንተርኔት ካለ «ሊቼስ» ነጻ ነው። በስተቀኝ ከላይ ካለው ሜኑ «ቦርድ» ገብታችሁ ከቱዲ (ከጠፍጣፋው ሰሌዳ) ወደ ስሪዲ ቀይሩ። ጠጠሮቹ ቀድመው የተሣሉ ምስሎች ስለሆኑ ደካማ ግራፊክስ ላይም ይቀላል፤ በዚያው ምክንያት ሰሌዳውን እንደፈለጉ ማዞር አይቻልም። የኮምፒውተሩ ደረጃ ከ1 እስከ 8 ነው።

ጠጠሮቹ ሲበላሉ በሰይፍ የሚፋለሙበት «ባትል ቼስ» ኢንተርፕሌይ እ.ኤ.አ. በ1988 ያወጣው የድሮ ጨዋታ ነው። የዶስ (ከዊንዶውስ በፊት የነበረው የኮምፒውተር ሥርዓት) እትም ካላችሁ «ዶስቦክስ» ጫኑና የጨዋታውን ማስጀመሪያ ፋይል ጎትታችሁ በዶስቦክስ አዶ ላይ ጣሉት። ፍልሚያው ከተንቀራፈፈ ኮንትሮልና ኤፍ12 ያፈጥናል፣ ኮንትሮልና ኤፍ11 ያዘገያል። ማውዙ መስኮቱ ውስጥ ታስሮ እምቢ ካለ ኮንትሮልና ኤፍ10፤ ሙሉ ስክሪን ለማድረግ አልትና ኢንተር። ልጆች በጣም ይወዱታል፤ ቼዝ ለመማር ግን ፍልሚያው ሐሳብ ይበትናል።

ሰሌዳውን ማስቀመጥ፦ ዋናው ነገር

ስሪዲ ቼዝ የሚያሸንፈውም የሚያስሸንፈውም በማዕዘኑ ነው። ቱዲ ላይ የማይሸነፍ ልጅ ስሪዲ ላይ ንግሥቱን በነጻ ሲያስበላ የምታዩት ስላላያት ነው።

ካሜራው ሰሌዳውን በቀጥታ ከላይ ሲያይ 90 ዲግሪ ነው፤ ያ ቱዲ ሆነ ማለት ነው። ወንበር ላይ ተቀምጦ ጠረጴዛ እንደሚያይ ሰው ዝቅ ሲል ወደ 30 ይወርዳል፤ ለፎቶ ያምራል፣ ለጨዋታ ግን ከሩቅ ያሉት ሁለት ሦስት ረድፎች ተጨፍልቀው አንድ ይሆናሉ። ከ50 እስከ 60 ባለው መካከል አስቀምጡት። ዲግሪ የሚያሳይ ፕሮግራም ስለማይበዛ በዓይን ለኩ፦ ጨዋታው ሳይጀመር የራሳችሁን ንጉሥና ንግሥት ተመልከቱ። ቁመታሞቹ እነሱ ናቸው፤ ከፊታቸው ያሉትን ሁለት ወታደሮች የሚጋርዱት የተጋጣሚ ጠጠሮች ሳይሆኑ የእናንተው ናቸው። የወታደሮቹ እግርና የቆሙበት ቤት ሙሉ በሙሉ እስኪታይ ካሜራውን ከፍ አድርጉ። ከዚያ ወደ ማዶ እዩ፤ በስምንተኛው ረድፍ ያሉት ጠጠሮች እግር ከወታደሮቻቸው በላይ ከታየ ደርሳችኋል።

ቀጥሎ ማጉላት። ሰሌዳው የስክሪኑን ቁመት ይሙላ፤ ዳር ዳሩ ላይ የሚታየው ጠረጴዛና ግድግዳ ለጨዋታው አይረባም። 1366 በ768 በሆነው የተለመደ ላፕቶፕ ላይ ሙሉ ስክሪን አድርጉ፤ ግን የስክሪኑን የራሱን መጠን ጠብቁ። 1024 በ768 ብትመርጡ ሥዕሉ ወደ ጎን ይለጠጥና ጳጳሱ እንደ ወታደር ወፍሮ ይታያል።

ስሪዲ ላይ ከሁሉ የሚያታልለው ሰያፍ መስመር ነው። ግንብ የሚሄድበት ቀጥ ያለ መስመር ይታያል፤ ከቢ7 እስከ ጂ2 የሚያነጣጥር ጳጳስ ግን መስመሩ ስለሚጣመም ዓይን ይስተዋል። ከማንኛውም ትልቅ እርምጃ በፊት ሰሌዳውን ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ 30 ዲግሪ ያህል አዙራችሁ እዩና መልሱ። ሁለት ሰከንድ አይፈጅም። ለጀማሪዎች ደግሞ የሚፈቀዱ እርምጃዎችን የሚያበራ አማራጭ ካለ ክፈቱላቸው።

ጠጠር ስትመርጡ ሁልጊዜ እግሩ ላይ ክሊክ አድርጉ፤ ራሱ ላይ አይደለም። አንዳንዱ ፕሮግራም የሚቆጥረው ማውዙ ያረፈበትን ቤት ነው፤ የንጉሡ ዘውድ ደግሞ በስክሪኑ ላይ የሚያርፈው ከኋላው ባለው ቤት ላይ ነው። «ንጉሡን ስነካ ወታደሩ ይነሣል» የሚለው አቤቱታ ከዚህ ይመጣል።

የጠጠሩን ዓይነት በተመለከተ ፍርዳችን ግልጽ ነው፦ እ.ኤ.አ. ከ1849 ጀምሮ የተለመደውን የስታውንተን ቅርጽ ምረጡ። ያጌጡት ስብስቦች ያምራሉ፤ ጳጳስና ወታደር የማይለይበት ጌጥ ግን ጨዋታ ያበላሻል። ጥቁር ቡናማ ጠጠር በቡናማ ሰሌዳ ላይም አታድርጉ፤ የርካሽ ላፕቶፕ ስክሪን ከታች ሲያዩት ስለሚጠቁር ሁለቱ ይዋሃዳሉ። ስክሪኑን ቀጥ አድርጋችሁ ከፊት ለፊት ተቀመጡ።

«ኮምፒውተሩ እምቢ አለኝ»

ዛሬ ሰንጠረዥ ሲባል ቁጥር የሚሞላበት ሣጥን ይታሰበናል፤ ቃሉ ግን የዚሁ ጨዋታ የአገራችን ስም ነው። በሰንጠረዥ ወግ ጨዋታው በ«ወረራ» ይጀምራል፦ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ተራ ሳይጠብቁ ይሮጣሉ። ከአባቶች ሰምቶ የመጣ ሰው ኮምፒውተሩ ላይ ይህን ቢሞክር አይሆንለትም፤ ነጭ ይጀምራል፣ ከዚያ በተራ ነው። በሰንጠረዥ ፈርዙ በሰያፍ አንድ ቤት ብቻ ይሄዳል፤ በቦታው ያለችው ንግሥት በሁሉም አቅጣጫ እስከፈለገችው ትሄዳለች። ፊሉ በሰያፍ ወደ ሁለተኛው ቤት ይዘላል፤ ጳጳሱ ግን አይዘልም፣ መንገዱ ክፍት እስከሆነ ድረስ ይንሸራተታል። ወታደሩም ከመነሻው ሁለት ቤት መራመድ ተፈቅዶለታል።

ካስሊንግ ሌላው የጭቅጭቅ ምንጭ ነው። ንጉሡን መርጣችሁ ሁለት ቤት ወደ ጎን አስቀምጡት፤ ግንቡን ፕሮግራሙ ራሱ ያሻግረዋል። ግንቡን አስቀድማችሁ ካንቀሳቀሳችሁት እንደ ተራ እርምጃ ይቆጠራል። እምቢ ካለ ከእነዚህ አንዱ ነው፦ ንጉሡ ወይም ያ ግንብ ቀድሞ ተንቀሳቅሷል፤ በመካከላቸው ጠጠር አለ፤ ንጉሡ አሁን ቼክ ላይ ነው (በጠላት ጠጠር እየተመታ ነው)፤ የሚያልፍበት ወይም የሚያርፍበት ቤት በጠላት ይመታል። የመጨረሻውን ስሪዲ ላይ ማየት ይከብዳልና ሰሌዳውን ወደ ላይ አንሥታችሁ አረጋግጡ።

ሌላ ጠጠር ስታንቀሳቅሱ ተመልሶ ቢቀመጥ ንጉሣችሁ ቼክ ላይ ነው፣ ወይም ያ ጠጠር ሲነሣ ይጋለጣል። የተጋጣሚ ወታደር ባዶ ቤት ገብቶ የእናንተን ወታደር ቢበላ ስሕተት አይደለም፤ ሁለት ቤት ዘላችሁ አጠገቡ ስላረፋችሁ አንድ ቤት እንደተራመዳችሁ ቆጥሮ መብላት ለአንድ ተራ ብቻ ተፈቅዶለታል። ቼክ ሳይባል የሚሄድበት ያጣ ተጫዋች አልተሸነፈም፤ አቻ ነው።

ደረጃ፣ ሙቀትና መብራት

ደረጃው ከፍ ሲል ሞተሩ ጠልቆ ያስባል፣ ፕሮሰሰሩን ይይዛል። ሁለት ኮር ባለው አሮጌ ማሽን ላይ ተጋጣሚው ሲያስብ ሰሌዳው ቆርጦ ቆርጦ የሚዞረው ለዚህ ነው፤ ጌሙ አልተበላሸም። ደረጃውን አንድ ሁለት አውርዱ። ካልበቃ ጥላን፣ የሰሌዳ ነጸብራቅንና ጠርዝ ማለስለሻውን በዚህ ቅደም ተከተል አጥፉ፤ ጥላ ለዓይን የሚሰጠው ከሚያስከፍለው ያነሰ ነው።

ጨዋታው መጀመሪያ ደህና ሆኖ ከ15 ደቂቃ በኋላ የሚያዘግም ከሆነ ሙቀት ነው። ጎንደር ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሩ ሳሳ ብሎ ሙቀት የመውሰድ ዐቅሙም ትንሽ ይቀንሳል፤ በበጋው አቧራ ደግሞ ማራገቢያው ሲደፈን ፕሮሰሰሩ እንዳይቃጠል ራሱን ያዘገያል። ላፕቶፑን ፍራሽና ብርድ ልብስ ላይ አታስቀምጡ፤ በዓመት አንዴ ማራገቢያው በባለሙያ ይጠረግ።

መብራት ሲጠፋ ዴስክቶፕ ላይ የነበረው ጨዋታ ይጠፋል። «ስወጣ አስቀምጥ» የሚለው አማራጭ በሥርዓት ስትዘጉት ብቻ ነው የሚሠራው። ስለዚህ በየ10 እርምጃው ሴቭ አድርጉ፤ ለውድድር ከሆነ ደግሞ አንድ ሰው በወረቀት ይመዝግብ። ዓምዶቹ ከግራ ወደ ቀኝ ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤች፤ ረድፎቹ ከነጭ በኩል ከ1 እስከ 8። «1. ኢ4 ኢ5፣ 2. ፈረስ ኤፍ3 ፈረስ ሲ6» ተብሎ ከተጻፈ መብራት ሲመጣ የሰው ለሰው ጨዋታ ከፍቶ እርምጃዎቹን በመድገም ካቆሙበት መቀጠል ይቻላል። በክረምት ነጎድጓድ ሲጀምር ስታብላይዘር ቢኖርም ገመዱን ከሶኬት ንቀሉ፤ ላፕቶፕ ከሆነ በባትሪው ቀጥሉ። ባትሪ ላይ ስትሆኑ የስክሪኑን ብርሃንና የሞተሩን ደረጃ ዝቅ ማድረግ ጨዋታውን ያስረዝመዋል፤ በእናንተ ተራ ጊዜም እንዲያስብ የሚያደርግ አማራጭ ካለው እሱን ዝጉት።

ሁለት ሰው በአንድ ኮምፒውተር ሲጫወት ከየእርምጃው በኋላ ሰሌዳው እንዲገለበጥ የሚያደርገው አማራጭ ይከፈት ወይስ ይዘጋ የሚለው በአቀማመጥ ይወሰናል። ሁለቱም ጎን ለጎን ከስክሪኑ ፊት ከተቀመጡ ዝጉትና ካሜራውን ወደ 70 ዲግሪ ገደማ ከፍ አድርጉት፤ በየጊዜው የሚዞር ሰሌዳ ራስ ያዞራል። እየተነሡ ወንበር የሚቀያየሩ ከሆነ ክፈቱት።